ቢኤምአይ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ወይስ ስብ ሚለካው ሚዛን? የቱን እንመን

ረመዳን ሊገባ ሰሞን እህቴ ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ ያየችውን ሚዛን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ሚገናኝ ነው፣ በባዶ እግር ሲቆሙበት ኪሎ ብቻ ሳይሆን የስብ ፐርሰንት፣ የውሃ፣ የጡንቻ፣ የአጥንት፣ «የሰውነት ዕድሜ» ምናምን ሁሉ ያወጣል። ከስሩ «ልግዛው?» ብላ ጽፋለች። ነገሩ የመጣው ጤና ጣቢያ ሄዳ «ቢኤምአይሽ (ኪሎን ከቁመት ጋር ሚያመዛዝነው ቁጥር) 29 ነው» ተብላ ደንግጣ ስለነበር ነው፣ ጎረቤቷ ደሞ ቡና ላይ «አብሽሪ እቴ፣ እሱ የፈረንጅ ስሌት ነው፣ ተመችቶሽ ነው» ብላታለች፣ በዛ ላይ ቲክቶክ ላይ ቢኤምአይ ውሸት ነው ሚል ቪዲዮ አይታለች። ሶስት ቦታ ሶስት ወሬ።

እኔ ሀኪም አይደለሁም። ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ ምሰራ፣ በመሀል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በየቀኑ ወርጄ ምወጣ ሰው ነኝ። ግን አምና በዚሁ ነገር ተሸውጄ ስለነበር (እመጣበታለሁ) ትንሽ አንብቤያለሁ፣ ሀኪምም ጠይቄያለሁ፣ ለሷ ያልኳትን ለናንተም ልጻፈው። የሚዛኑን ብራንድ አልጠራም፣ ችግሩ የብራንድ አይደለም።

መጀመሪያ ምኑን ነው ምንፈልገው

በግ ሲታረድ አይታችኋል። ከቆዳው ስር ያለው ጮማ አለ፣ ሆዱ ሲከፈት ደሞ አንጀቱን እንደ ነጠላ ሸፍኖት ሚገኘው ሞራ አለ፣ ሞራ ገላጮች ወደ ብርሃን ዘርግተው ሚያነቡት። ሰውም ሁለቱም አሉት። ከቆዳ ስር፣ ዳሌና ጭን ላይ ሚቀመጠው ስብ ያን ያህል አያስቸግርም። ጣጣው ያለው ሆድ ውስጥ ጉበትና አንጀት አካባቢ ሚጠራቀመው ሞራ ላይ ነው፣ ከስኳር፣ ከደም ግፊትና ከልብ በሽታ ጋር አብሮ ሚሄደው እሱ ነው፣ አንዱ ምክንያት ደሞ ከሱ ሚወጣው ስብ ወደ ጉበት በሚገባው ደም ስር በኩል ስለሚያልፍ ነው ይላሉ።

ስለዚ መለኪያ ስመርጥ ምጠይቀው እንደዚ ነው፣ ስንት ያስወጣል፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስለካ ምን ያህል ይሸውደኛል፣ ሞራውን ያየዋል ወይስ አያየውም፣ ለማን አይሰራም፣ ከሶስት ወር በኋላ ስለካ ለውጥ ያሳየኛል ወይ። «ዘመናዊ ነው ወይ» ሚል ጥያቄ እዚህ ውስጥ የለም።

ቢኤምአይ

ስሌቱ ቀላል ነው፣ ኪሎህን ለቁመትህ ታካፍላለህ፣ የወጣውን ደግመህ ለቁመትህ ታካፍላለህ፣ ቁመቱ በሜትር ነው። እህቴ 73 ኪሎ ናት ቁመቷ 1.58፣ 73 ÷ 1.58 = 46.2፣ እሱ ደሞ ÷ 1.58 = 29.2። የሞባይል ካልኩሌተር ይበቃል፣ አፕ ማውረድ አያስፈልግም።

የአለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው መስመር፣ ከ18.5 በታች ክብደት ማነስ፣ ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ፣ ከ25 እስከ 29.9 ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና በላይ ውፍረት። ለእስያ ህዝቦች 23 እና 27.5 ላይ ጥንቃቄ ይጀመር ብለዋል፣ ምክንያቱም እነሱ ጋ በዝቅተኛ ቁጥርም ስኳሩ ስለሚመጣ። ይሄ ራሱ ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነ ያሳያል።

የጎረቤታችን «የፈረንጅ ስሌት» እንግዲህ ግማሽ እውነት አለው። ስሌቱን ያወጣው ኬትሌ ሚባል የቤልጂግ ሰው ነው፣ 1830ዎቹ ውስጥ (እ.ኤ.አ.)፣ የኮከብና የስታቲስቲክስ ምሁር እንጂ ሀኪም አልነበረም፣ ሚፈልገውም «አማካይ ሰው» ምን ይመስላል ሚለውን እንጂ ማን ይታመማል ሚለውን አልነበረም። «ቦዲ ማስ ኢንዴክስ» (በአጭሩ ቢኤምአይ) ሚለውን ስም የሰጠው አንሰል ኪስ ሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው፣ በ1972፣ እሱም ያጠናው ወንዶችን ብቻ ነው። ለብዙ ህዝብ ጥናት አሪፍ ነው ተብሎ የተመረጠ ነገር ቀስ እያለ የያንዳንዳችን ካርድ ላይ ገባ።

አሁን ቤት ውስጥ ሲለካ ሚፈጠረው። ቁመት! አብዛኞቻችን ቁመታችንን አናውቀውም፣ አንድ ጊዜ የሆነ ቦታ የሰማነውን ነው ምንናገረው፣ ወንዱ ደሞ ትንሽ ይጨምርበታል። ቁመት ሁለት ጊዜ ስለሚያካፍል ውሸቷ ትገዝፋለች። 70 ኪሎ ሆኖ 1.65 የሆነ ሰው ቢኤምአዩ 25.7 ነው፣ «1.70 ነኝ» ካለ 24.2። አምስት ሴንቲ ሜትር ጉራ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አሻገረችው። ጫማ አውልቃችሁ፣ ተረከዝና ጀርባ ግድግዳ አስደግፋችሁ፣ ሌላ ሰው ጠንካራ መጽሐፍ አናታችሁ ላይ አጋድሞ በእርሳስ ምልክት ያድርግላችሁ፣ በቃ ለብዙ አመት ይበቃል።

ኪሎው ደሞ። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ሚቀመጡ ልጆች አሉ አይደል፣ ጠዋት ደሴ ኮብልስቶን ላይ ተመዘንኩ 74፣ ከሰዓት ኮምቦልቻ 71። የስራ ባልደረባዬ «ሐረጎን ስትወርድ ስበቱ ይለያያል» ብሎ በቁም ነገር አስረዳኝ። ስበቱ ከተለያየ በኔ ክብደት 20 ግራም እንኳን አይሞላም፣ ደሞ ሲወርዱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ነገሩ ሌላ ነው፣ ደሴ ላይ ጃኬትና ሹራብ ለብሻለሁ ኪሴ ውስጥ ስልክና ቁልፍ አለ፣ ኮምቦልቻ ሙቀቱ አስወልቆኝ በሸሚዝ ነኝ። ደሴ ላይ ደሞ ደልዳላ መሬት ማግኘት ራሱ ስራ ነው፣ ሚዛን ያዘነበለ ቦታ ላይ ከተቀመጠ የፈለገውን ነው ሚያወራው። ጠዋት፣ ሽንት ቤት ተመልሳችሁ፣ ሳትበሉ፣ በቀላል ልብስ፣ ሁሌ በአንድ ሚዛን፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ። ምንጣፍ ላይም አይሆንም።

ግን ትልቁ ችግሩ ይሄ አይደለም። ሁለት ሰው ልስጣችሁ፣ ሁለቱም ኮምቦልቻ ማውቃቸው ናቸው፣ ሁለቱም 1.70፣ ሁለቱም 78 ኪሎ፣ የሁለቱም ቢኤምአይ 27። አንዱ ጫኝ አውራጅ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ኩንታል ትከሻው ላይ ነው፣ ወገቡ 84። ሌላው የአይሱዙ ሾፌር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ፣ ማታ ጥብስ፣ ወገቡ 101። ቢኤምአይ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያላቸው። ጡንቻን ከጮማ፣ ጮማን ከሞራ አይለይም፣ አንድ ላይ ጠቅልሎ ኪሎ ይላል።

የኔም መሸወድ እዚህ ጋ ነው። 1.74 ነኝ፣ 71 ኪሎ፣ ቢኤምአይ 23.5፣ «ጤናማ»። ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ፣ ሰው ቦርጬን ሲነካ እስቃለሁ። ከዛ ለሌላ ነገር ጤና ጣቢያ ሄጄ ግፊቴ ሲለካ 148 በ94። ደገሙት፣ ሌላ ቀን ደገሙት፣ ያው ነው። ወገቤን ማንም ለክቶት አያውቅም ነበር።

እና ይጣል? አይጣልም። ከ18.5 በታች የወረደውን ለመያዝ፣ 30ን ያለፈውን ለማስጠንቀቅ፣ የራስን ጉዞ በየወሩ ለማየት ጥሩ ነው፣ ነጻ ነው። የአሜሪካ ሀኪሞች ማህበርም በ2023 ያለው ይሄንኑ ነው፣ ብቻውን አትጠቀሙበት፣ ከሌላ መለኪያ ጋር ይሁን። በ2025 መጀመሪያ ላይ ላንሴት ሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ የወጣው የባለሙያዎች ቡድንም ውፍረት ለማለት ወገብ ወይ ስብ ራሱ ይለካ፣ ቢኤምአዩ ከ40 በላይ ከሆነ ብቻ ሌላ ማረጋገጫ ባያስፈልግ ችግር የለውም ብሏል። ቲክቶኩ «ውሸት ነው» ያለው ከዚህ ተቆርጦ ነው መሰለኝ።

ሜትር

የልብስ ሰፊዋ ለስላሳ ሜትር። ከዚህ ሁሉ እቃ የኔ ምርጫ እሷ ናት፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

አለካኩ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወንዶች ስጠይቃቸው «ወገብህ ስንት ነው?» ወዲያው «34» ይሉኛል፣ የሱሪ ቁጥር! ሱሪ ሚታሰረው ከቦርጩ ስር ነው፣ ቦርጩ በላዩ ላይ ተንጠልጥሎ ሱሪው ግን የድሮው ቁጥር ላይ አለ። ያ ሾፌር ሱሪው 34 ነው፣ 86 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፣ ሲለካ 101 ወጣ፣ አላመነኝም፣ ደግሞ ለካው። የኔም ሱሪ 33 ነበር፣ ማለትም 84 አካባቢ፣ ሜትሩ ያለኝ 93።

ትክክለኛው ቦታ እንደዚ ነው፣ በጎን በኩል የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት በጣት ፈልጉ፣ ከታች ደሞ የዳሌ አጥንት ጫፍ፣ የሁለቱ መሀል። ሜትሩ በራቁት ገላ ላይ፣ ከኋላ እንዳይወርድ መስታወት እያያችሁ፣ ሳይጠብቅ ሳይላላ፣ ተንፍሳችሁ ስትጨርሱ። ሆድ መሳብ የለም። ሁለቴ ለኩ።

ከዛ ቁጥሩን ሁለት አይነት ማንበብ ይቻላል። አንደኛው እንዳለ ነው፣ ለወንድ 94 ላይ አደጋው ይጀምራል 102 ላይ ይበረታል፣ ለሴት 80 እና 88። እነዚህ ከአውሮፓ መረጃ የመጡ ናቸው፣ አለም አቀፉ የስኳር ህመም ፌዴሬሽን ከሰሀራ በታች ላለን አፍሪካውያን የራሳችን እስኪገኝ የአውሮፓውን 94 እና 80 ተጠቀሙ ነው ያለው። ጉድለቱ ረጅምና አጭር አለመለየቱ ነው።

ሁለተኛው፣ እኔ ምወደው፣ ወገብን ለቁመት ማካፈል ነው። ከ0.5 በታች ጥሩ፣ ከ0.5 እስከ 0.59 አደጋው ጨምሯል፣ 0.6 እና በላይ ከፍተኛ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪው ተቋም በ2022 ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ነው፣ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ማካፈል እንኳን አያስፈልግም፣ ቁመታችሁን ያህል ገመድ ቁረጡ፣ ለሁለት እጠፉት፣ ወገባችሁ ላይ ካልደረሰ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ አልፏል። እናቴ ቁጥር ማንበብ አትወድም፣ በገመድ ነው ያሳየኋት፣ ወዲያው ገባት።

አስሉት እስቲ፣ ጫኝ አውራጁ 84 ÷ 170 = 0.49፣ ሾፌሩ 101 ÷ 170 = 0.59፣ አሁን ተለያዩ። እኔ «ጤናማው» 93 ÷ 174 = 0.53። እህቴ ወገቧ 92፣ ÷ 158 = 0.58፣ ስለዚ ለሷ ቢኤምአዩም አልዋሸም፣ ጎረቤቷ ናት የዋሸችው። አንዲት 1.52 የሆነች ጓደኛዋ ደሞ ወገቧ 79 ነው፣ ከ80 በታች ስለሆነ በመጀመሪያው አነባበብ አለፈች፣ በሁለተኛው 0.52 ናት፣ አላለፈችም።

ቢኤምአዩ 35 ያለፈ ሰው ላይ ወገብ መለካት ሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው፣ እዛ ቀጥታ ምርመራ ነው። ሆድ ለተነፋበትም፣ ለምሳሌ በጉበት ህመም ውሃ ለቋጠረ፣ ሜትር ይሳሳታል።

ወገብ ለዳሌ

ይሄም አለ፣ ወገብን ለዳሌ ታካፍላለህ፣ ለወንድ 0.90 ለሴት 0.85 ላይ ሲደርስ አደጋ ነው። ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ቦታ ስትለካ ሁለት ቦታ ትሳሳታለህ፣ ደሞ ስትቀንስ ወገብም ዳሌም አብረው ስለሚቀንሱ ቁጥሩ ንቅንቅ ላይል ይችላል፣ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ለቤት አልመክረውም።

ስብ ሚለካው ሚዛን

ወደ እህቴ ጥያቄ። ይሄ ሚዛን ስቡን አያየውም፣ በአንዱ እግር በኩል በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ልኮ በሌላው ይቀበላል፣ ውሃ ያለበት ጡንቻ ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል፣ ስብ ያስቸግራል፣ ከዛ ካስገባህለት ዕድሜ፣ ጾታና ቁመት ጋር አቀላቅሎ በስሌት ይገምታል። ግምት ነው። በእግር ብቻ ሚለካው ደሞ ኤሌክትሪኩ ከእግር ወደ እግር ስለሚሄድ ሞራው ያለበትን ቦታ በደንብ አይዳስሰውም፣ «ቪሴራል ፋት» (የሆድ ውስጥ ስብ፣ ያው ሞራው) ብሎ ሚያወጣው ቁጥርም ያው ከስሌት ነው።

ከመግዛቷ በፊት ከጓደኛዋ ተውሰን ሞከርነው፣ ጾም ላይ ነበር። ልታፈጥር ስትል 39.4 ፐርሰንት ስብ አለ። አፈጠረች፣ ውሃ ሾርባ ቴምር፣ ማታ ተኛች፣ ሱሁር በልታ ትንሽ ቆይታ ስትቆም 36.8። በአንድ ሌሊት ያን ያህል ስብ ሚያጠፋ ምግብ ቢኖር ሳንቡሳውን ለአለም በሸጥነው ነበር። ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ኤሌክትሪኩ ይቸገራል፣ ሚዛኑ «ስብ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል።

ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በቂ ገንዘብ ያለው፣ ጂም ሚሰራ፣ ሁሌ ጠዋት በአንድ ሰዓት በአንድ ሁኔታ ሚቆምበት ሰው የወራቱን አዝማሚያ ሊያይበት ይችላል፣ የዛሬን ቁጥር ግን አይመን። ልቡ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት ሚያስተካክል መሳሪያ) ያለበት ሰው ጭራሽ አይቁምበት፣ ነፍሰ ጡርም ይቅርባት። «የሰውነት ዕድሜ 51» ሚለውን ደሞ እርሱት፣ እህቴ 38 አመቷ ነው፣ ሁለት ቀን አኩርፋ ነበር።

ዴክሳ ሚባለው በኤክስሬይ ስብ፣ ጡንቻና አጥንት ለይቶ ሚያሳየው ከሁሉም ይበልጣል፣ ግን የሀኪም ትዕዛዝ ነው፣ ለቤት ውሳኔ ከዝርዝሩ አውጡት።

| መለኪያ | ሚያስፈልገው | ወጪ | ሞራውን ያያል? | ጥንቃቄ ሚጀምርበት | ሚሳሳትበት |
|---|---|---|---|---|---|
| ቢኤምአይ | ሚዛን፣ ቁመት | ጤና ጣቢያ ከለካችሁ ምንም | አያይም | 25፣ ከታች ደሞ 18.5 | ጡንቻ ያለው፣ ቦርጭ ብቻ ያለው፣ አረጋዊ |
| የወገብ ዙሪያ | ሜትር | በጣም ትንሽ | በደንብ ይጠቁማል | ወንድ 94፣ ሴት 80 | በጣም አጭርና በጣም ረጅም |
| ወገብ ለቁመት | ሜትር ወይ ገመድ | በጣም ትንሽ | በደንብ ይጠቁማል | 0.5 | ነፍሰ ጡር፣ ሆዱ የተነፋ |
| ወገብ ለዳሌ | ሜትር | በጣም ትንሽ | ይጠቁማል | ወንድ 0.90፣ ሴት 0.85 | ለውጥ ለመከታተል |
| የስብ ሚዛን | እቃው፣ ባትሪ፣ ስልክ | ውድ | ይገምታል | እንደ እቃው ይለያያል | ውሃ ያጠረው፣ ገና የበላ፣ ስፖርት ሰርቶ የመጣ |

ለማን የቱ

ሳንቲም ማውጣት ለማይፈልግ፣ ወይም ለማይችል፣ ገመዷ ትበቃዋለች፣ በአመት አንዴ ጤና ጣቢያ ኪሎና ቁመት ይለካ። ትንሽ ያለው ሜትር ይግዛና ወገብ ለቁመት ከቢኤምአይ ጋር አጣምሮ ይያዝ፣ እህቴን የመከርኳት ይሄንን ነው። ከዛ በላይ ገንዘብ ካላት ለሚዛን ከምታወጣው የደም ስኳርና የግፊት ምርመራ ታድርግበት፣ ምክንያቱም ሜትርም ሆነ ሚዛን ምልክት ነው ሚሰጡት፣ በባዶ ሆድ ስኳር 126 እና በላይ ሁለት ቀን ከወጣ ግን ያ ምልክት ሳይሆን በሽታው ነው። ግፊትም 140 በ90 ላይ ከተደጋገመ እንደዛው።

ጉልበት ሰራተኛና ስፖርተኛ ቢኤምአይ 26፣ 27 ሲላቸው አይደንግጡ፣ ወገባቸውን ይዩ። ሾፌርና ቢሮ ተቀምጦ ዋዪ ደሞ 23 ሲለው አይኩራራ፣ እኔን ያየ።

ነፍሰ ጡር ላይ ሁሉም አይሰራም። ከእርግዝና በፊት የነበረው ቢኤምአይ ነው ሚታየው፣ በሱ መሰረት ምን ያህል መጨመር እንዳለባት ይነገራታል፣ ጤናማ ክብደት ላይ የነበረች ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ፣ ከ30 በላይ የነበረች ከ5 እስከ 9። ጤና ኤክስቴንሽኖች ደሞ ክንዷን በሜትር ይለካሉ፣ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ምግብ አንሷታል ማለት ነው። የህጻናትም እንደዛው፣ ከ6 ወር እስከ 5 አመት ክንድ ላይ ሚታሰረው ባለ ቀለም መለኪያ አለ፣ 11.5 ሳይሞላ ቀይ ነው፣ ሳታድሩ ውሰዱት። ልጆች ላይ የአዋቂውን 25 እና 30 አታስሉ፣ እስከ 19 አመት በዕድሜና በጾታ የተሰራ ሰንጠረዥ አለው።

አባትና እናት ዕድሜያቸው ሲገፋ ጀርባቸው ይጎብጣል፣ ቁመታቸው ያጥራል፣ ጡንቻቸው ይሳሳል፣ ቢኤምአዩ ሳይለወጥ ውስጡ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። እነሱ ላይ ከቁጥሩ ይልቅ ሳይፈልጉ ኪሎ መቀነሳቸውን ተከታተሉ፣ ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ ሲበሳለት።

ቀጭን ለሆናችሁ። እኛ ሀገር የወፈረ «አማረበት» ይባላል፣ የከሳ ደሞ «ምን ሆነ» ይባላል፣ ሁለተኛው ላይ ህዝቡ ከሞላ ጎደል ልክ ነው። ከ18.5 በታች ሆናችሁ ከድሮ ጀምሮ እንደዛው ከሆናችሁና ምንም ካላመማችሁ አብሽሩ፣ ግን በቅርብ የቀነሰ ከሆነ፣ በተለይ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ ካለ የአክታ ምርመራ አድርጉ፣ የቲቢ መድሃኒት በነጻ ነው ሚሰጠው። ብዙ ውሃ መጠጣት፣ ብዙ መሽናትና መክሳት አንድ ላይ ከመጣ ደሞ ስኳር ነው መታየት ያለበት፣ ስኳር ወፍራም ብቻ ነው ሚይዘው ሚለውን ተዉት።

በወር አንዴ በቂ ነው፣ በየቀኑ ሚለካ ሰው ውሃና ጨው ነው ሚለካው። ከፋሲካና ከኢድ ማግስት ባትለኩ ይሻላል፣ ለሞራልም።

እህቴ ሚዛኑን ትታ ሜትር ገዛች፣ ሰኞ ገበያ፣ አሮጌ። ቤት ስናስተያየው ከብረት ሜትር ጋር አንድ ሜትር ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተለጥጦ አገኘነው፣ የጨርቅ ስለሆነ፣ ስለዚ ወገቧን አሳንሶ ነበር ሚነግራት። ስትገዙ ፕላስቲክነት ያለውን ፈልጉ፣ ቀድማችሁ ከአናጺ ሜትር ጋር ጎን ለጎን ዘርጉት።